ከጉባኤ ቤት ወደ ኮሌጅ፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አወጣጥ በኢትዮጵያ

ስለ አገራችን የትምህርት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ነገራቸውን የሚጀምሩት ዳግማዊ ምኒልክ በፈረንጅ 1908 ካስከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን «የቄስ ትምህርት» በሚል አንድ ሐረግ ጠቅልለው ያልፉታል። ስለ ቴዎሎጂ ትምህርት የሚጽፉትም እንዲሁ ከቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ይነሡና የቀረውን እንደ መቅድም ቈጥረው ይተዉታል። እንዲህ ያለው አጻጻፍ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይሸፍናል። ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንቷን ያለ ኮሌጅ ስታወጣ የኖረች ቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ያስፈለጋት ለምንድር ነው? ኮሌጁስ ከመጣ በኋላ ሊቅ የሚባለው ማን ሆነ? በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ይህን ነው። ዘመኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው፤ በፈረንጅ የተቈጠረ ሲኖር ግን «በፈረንጅ» እያልን እንለየዋለን።

በመጀመሪያ የጥንቱን ሥርዓት በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሕፃኑ ከፊደል ተነሥቶ ንባብ ይማራል፤ ከሀሁና ከአቡጊዳ በኋላ የዮሐንስን መልእክት በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እየደገመ ይወጣል፤ ዳዊት ሲደግም የንባብ ቤት ትምህርቱ ተፈጸመ ይባላል። ብዙው ተማሪ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚያ የሚያልፈው ወደ ቅዳሴ ቤት ገብቶ ዲቁና ይቀበላል፤ ወይም ወደ ዜማ ቤት ይሄዳል። የዜማው ቤት ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍና ድጓ ያስተምራል፤ ዝማሬ መዋሥዕትና አቋቋም ደግሞ ለየራሳቸው መምህርና ለየራሳቸው አገር አላቸው። ለድጓ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ተማሪው ሁሉን በአንድ ስፍራ አያገኝም፤ ዕውቀቱን እየተከተለ አገር ለአገር ይዞራል። ፈረንጆች በመካከለኛው ዘመን ተማሪዎቻቸው ከቦሎኛ ወደ ፓሪስ ይሄዱ እንደ ነበረ በኩራት ይጽፋሉ። የእኛው ተማሪ ከጎጃም ወደ ጋይንት፣ ከጋይንት ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ዋድላ በእግሩ ሲሄድ ግን የጻፈለት ጥቂት ነው።

ከነዚህ ቤቶች ሁሉ ቅኔ ቤት ረዘም ያለ ነገር ሊነገርለት ይገባል፤ ምክንያቱም በኋላ ኮሌጁ ሊተካው ያልቻለው ይህ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ ግስ ያወርዳል፤ የግእዙን ግስ ከነእርባታው በቃሉ ይይዛል፤ አገባብ ይማራል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ዋዜማን፣ ሥላሴን፣ ዘይእዜን እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። መምህሩ በጉባኤው መካከል ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ሰሙንና ወርቁን፣ አገባቡንና ምሥጢሩን ይፈታሉ። ተማሪው በበኩሉ ቀኑን ለብቻው ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ የራሱን ይቈጥራል። ማታ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ መምህሩ ያርሙታል፤ ጓደኞቹም ያደምጣሉ። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓቶች ሁሉ አዲስ ነገር በየቀኑ የሚጠየቅበት ይህ አንድ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሸምደድ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ንባብ ቤቱን አይተው ስለ ቅኔ ቤቱ የሚፈርዱ ናቸው።

ተማሪው የሚኖረው በልመና ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ውሻ መከላከያ በትሩን እየመዘዘ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጃፍ ደጃፍ ይዞራል፤ ያገኘውን ቁራሽ ያመጣና ከጓደኞቹ ጋራ ይካፈላል። ጎጆውንም የሚሠራው ራሱ ነው። ይህን ኑሮ ማሳመር አያስፈልግም፤ በረኃብና በተስቦ የሞተው ተማሪ ብዙ ነው፤ ለማስታወስ ይረዳል እየተባለ አብሾ ጠጥቶ አእምሮው የተናወጠም አለ ይባላል። ይሁን እንጂ ልመናው የትምህርት ቤቱ በጀት እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። የገበሬው ሚስት የምትሰጠው ቁራሽ በአንድ ዘመን የአገሪቱን የከፍተኛ ትምህርት ወጪ ይሸፍን ነበር። መምህሩም በበኩላቸው ደብሩ ከሚሰጣቸው የሰሞን መሬት ይኖራሉ እንጂ ተማሪው ክፍያ አያመጣላቸውም። በዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ የወንዶች ብቻ እንዳይመስለን በጎጃም ጽላሎ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩትን ማየት የተሳናቸውን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን መጥቀስ ተገቢ ነው። ቅኔውን ከአባታቸው ተምረው ራሳቸው መምህር ሆነው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል።

ከቅኔ በኋላ መጻሕፍት ቤት ይመጣል። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መጽሐፈ መነኮሳት አራት ጉባኤ ናቸው፤ አራቱንም የያዘ ሊቅ «አራት ዓይና» ይባላል። ትርጓሜው ንባቡ በግእዝ ከተነበበ በኋላ በአማርኛ «አንድም» እየተባለ ይተረጐማል፤ አንዱ ፍቺ ሌላውን ሳይሽር በጐኑ ይቆማል። ይህ የአማርኛ ትርጓሜ በጎንደር ዘመን የደረጀ ሲሆን ከመምህር ኤስድሮስ ወዲህ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ከንባብ ተነሥቶ እስከዚህ ለመድረስ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። የምስክሩም ሁኔታ ልዩ ነው። ወረቀት አይሰጥም፤ የሚጠየቀው «መምህርህ ማነው?» ነው። መምህሩም መምህር ነበራቸው፤ እንዲህ እያለ እስከ ጥንቱ ይወጣል። አለቃ ለማ ኃይሉ ስለ ተማሪነት ዘመናቸው የተናገሩትን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ሰብስቦ ያሳተመውን «መጽሐፈ ትዝታ» ያነበበ ሰው ይህ የመምህራን ሐረግ በተማሪው ዘንድ ከዘር ሐረግ ያላነሰ ክብር እንደ ነበረው ያያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዕውቀትና ክህነት ሁለት መንገድ ናቸው። ለቅስና የሚያስፈልገው ንባብና ቅዳሴ ነው፤ ቄሱ ቅኔም መጻሕፍትም ላያውቅ ይችላል። በአንጻሩ በማሕሌቱ ቆሞ ቅኔ የሚቀኘው፣ መጻሕፍቱን የሚተረጕመው ደብተራ ብዙ ጊዜ ቄስ አይደለም። በአውሮፓ ሴሚናሪ የሚባለው ትምህርት ቤት የተቋቋመው ካህኑን ለማስተማር፣ የተማረውንም ካህን ለማድረግ ነው። በፈረንጅ በ16ኛው መቶ ዓመት በትሬንቶ የተሰበሰበው የካቶሊኮች ጉባኤ በየሀገረ ስብከቱ ሴሚናሪ እንዲኖር ያዘዘው ለዚሁ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልነበረም። ጳጳሱ ከእስክንድርያ የሚላክ አንድ ሰው ብቻ በመሆኑ፣ የአገሩንም ቋንቋ ሳያውቅ ስለሚመጣ፣ እርሱ ይሾማል እንጂ አያስተምርም፤ ሊቃውንቱ ደግሞ ያስተምራሉ እንጂ አይሾሙም። ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች ጳጳሱ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን በአንድ ቀን በብዛት ሲሾም ማየታቸውን ጽፈዋል። እነዚህ ጸሐፊዎች ካህናቱ ያልተማሩ ናቸው ብለው ሲፈርዱ የተማረው ክፍል ከክህነቱ ውጭ ቆሞ እንደ ነበረ አላስተዋሉም።

የሁለቱ መንገዶች መለያየት ጥቅምም ጕዳትም ነበረው። ጥቅሙ ሊቁ ማንንም ሳይፈራ መከራከሩ ነው። የቅባት፣ የጸጋና የካራ ክርክር ለ200 ዓመት ያህል ጉባኤ ቤቶችን ከፋፍሎ፣ ነገሥታትን አሰልፎ፣ ደም እስከ ማፍሰስ ደርሷል፤ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰብስበው ሦስት ልደት የሚለው ትምህርት እስኪወገዝ ድረስ ነገሩ አልበረደም። ያ ክርክር መጥፎ ፍሬ አፍርቷል፤ ግን ባልተማረ አገር የሚደረግ ክርክር አልነበረም። ጕዳቱ ደግሞ ለምእመናኑ ነው። በጉባኤ ቤት ስብከት የሚባል የትምህርት ክፍል የለም፤ የንስሐ አባትነት እንዴት እንደሚመራ የሚያስተምር መምህርም የለም። ይህ ሁሉ በኑሮ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር። በገጠር ይህ ይበቃ ይሆናል። ልጁ በከተማ አስኳላ ገብቶ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ግን የንስሐ አባቱ መልስ አጡ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን በካይሮ የካህናት ኮሌጅ የከፈተችው በፈረንጅ 1893 ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ የነበሩት ሐቢብ ጊርጊስ ከ1918 እስከ 1951 በፈረንጅ ኮሌጁን መርተዋል፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱንም እንቅስቃሴ ያስነሡ እርሳቸው ናቸው። ግብፃውያን የገፋፋቸው በአንድ ወገን የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት፣ በሌላው ወገን የራሳቸው ወጣቶች ጥያቄ ነበር። ከእኛም አገር ወደ ካይሮ የተላኩ ተማሪዎች ነበሩ። አስቀድሞም የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ካህናቱ የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያጠፋል ብለው ስለ ፈሩ መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች እንዲመጡ መደረጉ ይታወቃል። በዘመናዊ ትምህርት መግቢያ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው፣ የምታስገባውም እስክንድርያ ነበረች ማለት ነው።

በሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረው የጵጵስናው ነገር ነው። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጳጳሳት ሆነው በካይሮ ተሾሙ፤ ነገር ግን ሌላ ጳጳስ ለመሾም ሥልጣን አልነበራቸውም። ከእነርሱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጠላት ተረሸኑ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ይሁንና ለዚህ ጽሑፍ አንድ ነጥብ አለው። የጣሊያኖቹ የራሳቸው ቴሌግራም በመጀመሪያ 297 ሰዎች፣ ቀጥሎም 129 ዲያቆናት መገደላቸውን ይናገራል፤ በኋላ ያጠኑት ሰዎች ቍጥሩ ከዚያ እጅግ የበለጠ እንደ ሆነ አሳይተዋል። ዲያቆን ማለት ተማሪ ማለት ነው። ከመነኮሳቱ ጋራ አብሮ የታረደው ትምህርት ቤቱ ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱ የመምህር ድሀ ሆና መገኘቷ ከዚህ ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

ከነጻነት በኋላ ከእስክንድርያ ጋራ የነበረው ድርድር ቀጠለ። በ1940 ዓ.ም. ስምምነት ተደረሰ፤ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋራ በአንድ ገበታ ተቀምጣ የምትነጋገርበት ሰው ያስፈልጋታል። በፈረንጅ 1948 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች፤ እዚያ የሚሰማው ግን ግእዝ አይደለም። እኔ እስከማየው ድረስ ኮሌጁን የወለደው የካህናቱ አለመማር ብቻ ሳይሆን ይህ የነጻነት ሥራ ነው። የጉባኤ ቤቱ ሊቅ ለእስክንድርያ መልስ መስጠት ይችል ነበር፤ ለጄኔቫ ግን ቋንቋ አልነበረውም።

የቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት ንጉሠ ነገሥቱ ጠላት ከወጣ ጥቂት ሳይቆይ በፈረንጅ 1942 ሲያቋቁሙት በመጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። የኮሌጁ ክፍል የተከፈተው መስከረም 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ኮሌጁ ከክፍሎቹ አንዱ ሆነ።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲያደራጁ የተሰጣቸው የካናዳ ኢየሱሳውያን፣ መሪያቸውም ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት ካባረሯቸው በኋላ የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰዎች በመንግሥት ጥሪ ሲመለሱ የተመለሱት በሱፍና በከረባት ነው፤ የማኅበራቸውን ልብስ አይለብሱም፣ ሃይማኖታቸውንም አይሰብኩም። ሒሳብ፣ ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ እንዲያስተምሩ ታመኑ፤ ነገረ መለኮት ግን ወደ እነርሱ እንዲቀርብ አልተፈቀደም። ከአራት ኪሎ ግቢያቸው እስከ ሥላሴ ካቴድራል ያለው መንገድ የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሆኖም ለ10 ዓመት ያህል ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁና የቴዎሎጂው ትምህርት ቤት እንደ ሁለት አገር ኖሩ። በአውሮፓ ቴዎሎጂ የዩኒቨርሲቲ እናት ናት ይባላል። በእኛ አገር እናቲቱ የገባችው ከልጆቹ በኋላ ነው።

በዚያው ዘመን ሌሎችም መጡ። የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ በአዲስ አበባ የተመሠረተው በፈረንጅ 1960፣ ይኸውም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከቆመች በኋላ ነው። ለካቶሊኮች ደግሞ ሮማ ነበረች፤ የኢትዮጵያ መነኮሳት በ16ኛው መቶ ዓመት ያረፉበት፣ ተስፋ ጽዮንም የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በፈረንጅ 1548 ለማተም የሠራበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት በ1919 በፈረንጅ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሆኖ በኋላ በቫቲካን አዲስ ሕንፃ ተሠርቶለታል። እነዚህ ለየብቻቸው ጥናት የሚገባቸው ስለ ሆኑ አልፋቸዋለሁ።

ወደ ሥላሴ ኮሌጅ ስንመለስ ችግሩ በመግቢያው ደጃፍ ላይ ይጀምራል። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበርና ወደ ኮሌጁ ለመግባት የ12ኛ ክፍል ትምህርትና ፈተና ያስፈልጋል። አንድ የዋሸራ የቅኔ መምህር በዚህ ደጃፍ መግባት አይችልም። የግእዝን ግስ ከነእርባታው በቃሉ የያዘ፣ መወድስ ሲዘርፍ የሚውል፣ አራቱን ወንጌል በአንድምታ የሚተረጕም ሊቅ በዩኒቨርሲቲው ሚዛን ያልተማረ ሰው ነው። በአንጻሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ወጣት ግእዙን «አንድ የትምህርት ዓይነት» አድርጎ ወስዶ በጥቂት ዓመት በዲግሪ ይመረቃል። ለእንዲህ ያሉት ከጉባኤ ቤት ለሚመጡ ትልልቅ ተማሪዎች የቅዱስ ጳውሎስ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት መከፈቱ ችግሩ በጊዜው ታይቶ እንደ ነበረ ያስረዳል። መፍትሔው ግን ሁለቱን መንገድ አላገናኘም፤ ለሁለተኛው መንገድ ሌላ ደጃፍ ሠራለት እንጂ።

ለኮሌጁም ፍርድ መስጠት ሲገባን ሚዛናችን የቀና መሆን አለበት። የቤተ ክርስቲያን ታሪክን እንደ ታሪክ፣ ማለትም ሰነድን ከሰነድ እያስተያየ የሚያስተምር፣ ሥነ ምግባርንና ስብከትን ለብቻቸው የሚያስጠና ትምህርት ቤት ከዚያ በፊት አልነበረም። መምህራኑም ከአንድ አገር ብቻ አልመጡም። ከሕንድ ከማላንካራ ቤተ ክርስቲያን የመጡት አባ ቪ. ሲ. ሳሙኤል በኮሌጁ አስተምረዋል፣ በዲንነትም መርተዋል፤ ስለ ኬልቄዶን ጉባኤ የጻፉት መጽሐፍ በፈረንጅ 1977 ታትሞ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። በጥር 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የሕንድ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ስለ ቴዎሎጂ ትምህርት መረዳዳትም ሲነጋገሩ፣ በፈረንጅ 1971 ደግሞ ኬልቄዶንን የሚቀበሉና የማይቀበሉ የኦርቶዶክስ ሊቃውንት በዚሁ ከተማ ሲወያዩ አዲስ አበባ የተመረጠችው በቤተ መንግሥቱ ግብዣ ብቻ አይደለም። ነገሩን በሌላ ቋንቋ የሚሸከም ተቋም ነበራት።

የማይካድ ነገር ግን አለ። የአንድምታው መምህር «አንድም» ብሎ ሦስትና አራት ፍቺ ሲያቆም ተማሪው ሁሉንም መያዝ አለበት። የኮሌጁ ፈተና ትክክለኛውን አንዱን መልስ ይጠይቃል። ይህ የፈተና ልዩነት ብቻ አይደለም፤ መጽሐፍ ምንድር ነው፣ እንዴትስ ይነበባል የሚለው ልዩነት ነው። ኮሌጁ አንድምታን እንደ መሣሪያ ቢወስደው ኖሮ በዓለም ላይ ያለ ማንም የቴዎሎጂ ትምህርት ቤት የሌለው ነገር በእጁ በተገኘ ነበር። ይልቁንም እንደ ቅርስ አከበረው፤ የተከበረ ነገር ደግሞ ይቀመጣል እንጂ አይሠራበትም። ሌላው ደግሞ የተመራቂዎቹ ጉዳይ ነው። ሴሚናሪ የሚለው ሐሳብ የተማረ ሰው ካህን ይሆናል በማለት ላይ የቆመ ነው። ዕውቀትና ክህነት ሁለት መንገድ በነበሩበት አገር ግን ተመራቂው ዲግሪውን ይዞ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት መግባቱ ሊያስደንቅ አይገባም። ደብተራው ከመሠዊያው ውጭ ቆሞ እንደ ነበረ ሁሉ ባለ ዲግሪውም ከመሠዊያው ውጭ ቆመ። የጥንቱ ሥርዓት ባልጠበቁት በር ተመልሶ ገባ ማለት ይቻላል። የገጠሩ ደብር ቄስ እንደ አባቱ ንባብና ቅዳሴ ተምሮ ተሾመ።

አብዮቱ ሲመጣ ሁለቱም ተመቱ፤ የተመቱት ግን በተለያየ መንገድ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የሰሞን መሬት ቀረ፤ የጉባኤ ቤቱ መምህር የሚኖሩበት ነገር ተነቀለ። ጥቂት ቆይቶ ኮሌጁ ተዘጋ፤ ሕንፃው፣ የተማሪዎቹ መኖሪያና ቤተ መጻሕፍቱ ተወረሰ። ቤተ ክርስቲያን በየጊዜው አቤት ብትልም ለ17 ዓመት ያህል እንደ ተዘጋ ኖረ። በዚህ ዘመን የሆነውን ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። ኮሌጁን ለመዝጋት አንድ ደብዳቤና አንድ ቁልፍ በቃ። ጉባኤ ቤቱን ለመዝጋት ግን የገበሬውን ደጃፍ ሁሉ መዝጋት ያስፈልግ ነበር። መሬቱ ቢሄድም ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ ዞረ፤ መምህሩ ከደቀ መዛሙርቱ ጋራ ቁራሹን ተካፈሉ፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብ እህል አዋጣ። ቍጥሩ ተመናመነ፣ የተፈታ ጉባኤም አለ፤ ሥርዓቱ ግን አልተቋረጠም። ቀድሞ የጉባኤ ቤቱ ነውር ተደርጎ ይቈጠር የነበረው ድህነት በዚያን ጊዜ ጋሻው ሆነ።

በውጭ አገር የተማሩትም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። በኋላ አቡነ ጳውሎስ ተብለው በ1984 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት አባት በልጅነታቸው በአድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ተምረው፣ ወደ ሥላሴ ኮሌጅ ገብተው፣ ከዚያም በአሜሪካ በቅዱስ ቭላዲሚር ሴሚናሪና በፕሪንስተን የቴዎሎጂ ትምህርት ቤት ያጠኑ ናቸው። በአብዮቱ መጀመሪያ ወደ አገር ተመልሰው ጳጳስ ሆነው ሲሾሙ ታሰሩ፤ ዓመታትን በእስር ቤት አሳልፈው ከወጡ በኋላ ወደ ፕሪንስተን ተመልሰው ያቋረጡትን የዶክትሬት ጥናት ፈጸሙ። ኮሌጁ በ1987 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት ነገሩን የገፉት እርሳቸው ናቸው። ገዳምን፣ ኮሌጅንና የውጭ ሴሚናሪን በአንድ ሕይወት ያየ ሰው ሲመራው ሦስቱ ይገናኛሉ ብሎ መጠበቅ ይቻል ነበር። ሕንፃውና ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሱ፤ የዲፕሎማ፣ የዲግሪና የምስክር ወረቀት ትምህርት ተደራጀ። ለ17 ዓመት ሳይገቡ የቀሩት ተማሪዎች ግን የሚመለሱበት መንገድ አልነበረም። በተዘጋበት ዓመት 18 ዓመት የሆነው ልጅ ሲከፈት 35 ዓመት ሞልቶታል፤ በዚያ ዕድሜ በጥንቱ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ የመጻሕፍት ጉባኤውን እያጠናቀቀ ራሱ ወንበር ሊዘረጋ በደረሰ ነበር።

ዛሬ በጉባኤ ቤት ቅኔና መጻሕፍት ተምሮ፣ በማታ አስኳላውን ጨርሶ ወደ ኮሌጅ የሚገባ ተማሪ አለ። በጉባኤ ቤት ያሳለፈው ዓመት በመዝገብ ቤቱ ሚዛን ምን ያህል ሊቈጠርለት ይገባል የሚለው ክርክር በሊቃውንቱና በባለ ዲግሪዎቹ መካከል አሁንም ይሰማል። ክርክሩን ለመፍታት የሚረዳ አንድ ሥራ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ይኸውም የየቤቱን የመምህራን ሐረግ ማን ከማን እንደ ተማረ፣ በየትኛው ደብር ስንት ዓመት እንደ ቆየ እየጠየቁ መጻፍ ነው። የኮሌጁ ተማሪዎች ስም በመዝገብ ተጽፎ ይገኛል። የዋሸራና የጎንጅ፣ የቤተ ልሔምና የዙር አባ ተማሪዎች ስም በአብዛኛው ያለው በሽማግሌ መምህራን አፍ ነው።